ጥንብ አንሳን በፊሽካና በሥጋ ቁራጭ ማሰልጠን

አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ የተመላለሰ ሰው ይህን አሞራ ሳያውቀው አይቀርም። ጣሪያ ላይ ተኮልኩሎ ተራውን የሚጠብቀው፣ ፊቱ ላባ የሌለው፣ ምንቃሩ ቀጠን ያለው ትንሹ ጥንብ አንሳ ነው። ሁድድ ቨልቸር ይሉታል። ሲመዘን ከ1.5 እስከ 2.6 ኪሎ ይሆናል። እኛ ቀና ብለንም አናየው። በአውሮፓና በአሜሪካ መካነ እንስሳት ግን ሰው ትኬት ቆርጦ ነው የሚያየው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ላይ ለመጥፋት በጣም ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ገብቷል። ከሚጨርሱት ነገሮች ዋናው መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለባለቤት አልባ ውሻ የተቀመጠ የተመረዘ ሥጋ ይበላና በዚያው ይቀራል።

ይህን የማሰልጠኛ መመሪያ በእሱ ላይ የጻፍኩት ቶሎ ስለሚማር፣ ምግብ ስለሚወድና ስሜቱ ፊቱ ላይ ስለሚነበብ ነው። በእሱ የሠራ ዘዴ በጭልፊትም በጉጉትም በትንሽ ማስተካከያ ይሠራል። የታሰበው መካነ እንስሳት ወይም የዱር እንስሳት ማገገሚያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነው። አዳኝ አሞራ ቤቱ ሊያሳድግ ላሰበ ሰው አይሆንም። በብዙ አገር ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ለወፉም ግፍ ነው።

ለምን ማሰልጠን አስፈለገ?

አሞራ ሕመሙን ይደብቃል። ደከም ብሎ ስታዩት ብዙውን ጊዜ በሽታው ሰንብቷል። ቀድሞ የሚናገረው ሚዛን ነው። ችግሩ ሚዛን ላይ ማን ያወጣዋል? የድሮው መልስ መረብ ነበር። ሁለት ሰው ገብቶ ያባርረዋል፣ ይይዘዋል፣ በፎጣ ይጠቀልለዋል። ወፉ አፉን ከፍቶ እያለከለከ ይመዘናል። ከዚያ በኋላ ሰው በገባ ቁጥር ሽቦው ላይ ይላተማል፣ ላባው ይሰበራል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ለመያዝ ሦስት ሰው ያስፈልጋል።

በሽልማት ማሰልጠን፣ ባለሙያዎቹ ፖዘቲቭ ሪኢንፎርስመንት የሚሉት፣ ሐሳቡ ቀላል ነው። ወፉ የምትፈልጉትን ሲያደርግ ወዲያው የሚወደውን ትሰጡታላችሁ። ስለዚህ ደግሞ ያደርገዋል። ካላደረገ ምንም አይደርስበትም። የአሜሪካው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ርግቦችን ቦምብ እንዲመሩ እስከማሰልጠን የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ደግነቱ ርግቦቹ አልዘመቱም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው «ምንም አይደርስበትም» የምትለዋ ላይ ነው። ወፉ እምቢ ብሎ መሄድ ካልቻለ፣ እሺ ማለቱም ትርጉም የለውም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሷ ላይ የቆመ ነው።

ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን፣ ፊሽካ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር የምግብ ቦርሳ፣ ረጅም መቆንጠጫ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ጫፉ ላይ ኳስ ያለው ቀጭን ዱላ፣ ደብተር። ማረፊያ ቆጦቹን በሰው ሠራሽ ሣር አልብሷቸው። ለስላሳና ወጥ የሆነ እንጨት ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቆም አሞራ ውስጥ እግሩ ይቆስላል፣ ይመረቅዛል። ይህ በሽታ በእስር ያሉ አዳኝ ወፎችን ከሚያሠቃዩት አንዱ ነው፤ ማዳኑም ረጅም ጣጣ አለው። የቆጦቹም ውፍረት ይለያይ።

ለምግብ የአንድ ቀን ጫጩት፣ አይጥ፣ ድርጭት፣ ጥንቸል ይሆናል። ለስልጠና የባቄላ ፍሬ በምታክል መጠን ቁረጡት። ከብት ሲሞት «ለአሞራው ይሁን» ብሎ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም። አትቀበሉ። ዳይክሎፌናክ የተባለው ማስታገሻ የተሰጠው ከብት ሥጋ ጥንብ አንሳን ኩላሊቱን መትቶ ይገድላል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደቡብ እስያ ውስጥ ሦስት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ከመቶ 95 በላይ ያለቁት በዚህ ነው። በጥይት የተገደለ እንስሳም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አይሰጥም።

ሚዛንና ራብ

መጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት ወፉ እስኪጠግብ እየበላ ክብደቱ የት ላይ እንደሚረጋ እወቁ። ገና ሚዛን ላይ መውጣት ስላልተማረ፣ ሲመገብ የሚቆምበትን ቆጥ ከነመቀመጫው ሚዛን ላይ አስቀምጡና ከውጭ አንብቡ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ይሁን። ጸጉርና አጥንት የበላ ጭልፊት ከሆነ ደግሞ ሆዱ ያልፈጨውን ጠቅልሎ በማግስቱ በአፉ ይተፋል። ይህን ሳይተፋ ምግብም ስልጠናም የለም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራችሁ ጭልፊት አሳዳጊዎችን አይታችኋል። ጥበቡ የሺህ ዓመታት ዕድሜ አለው፤ ዩኔስኮም በ2010 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ ወፉ ለአደን እስኪነቃ ክብደቱ በጥንቃቄ ይወርዳል። ይህን ዘዴ ወደ መካነ እንስሳት የሚያመጡ አሉ። ወፉ ካልመጣ ትንሽ ይራብ፣ አሁንም ካልመጣ ራቡ ትንሽ ይጨመርበት ይላሉ። እኔ አልስማማም። አደን የማይወጣ ወፍ የአዳኝ ራብ አያስፈልገውም። 600 ግራም ከሚመዝን ሃሪስ ሆክ የተባለ ወንድ ጭልፊት ላይ 60 ግራም ሲወርድ ከሰውነቱ አንድ አሥረኛው ሄደ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሌሊት ሲጨመርበት ጠዋት ሞቶ ሊገኝ ይችላል።

በተለመደው ክብደቱ ሆኖ የማይመጣ ወፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግራችሁ ሌላ ነገር ነው። የጠየቃችሁት በጣም በዝቷል፣ አንድ ነገር አስፈርቶታል፣ ወይም ሽልማቱ አልጣመውም። መጀመሪያ እነዚህን አስተካክሉ። ማድረግ ያለባችሁ የቀን ቀለቡን ከመጨመርና ከመቀነስ ይልቅ ሰዓቱን ማስተካከል ነው። ቀለቡን በስልጠና ሰዓት ይብላ፤ የተረፈው ቀኑ ሳያልቅ ይሰጠው። ሠራም አልሠራም።

ፊቱን ማንበብ

ፊሽካ ከመንፋታችሁ በፊት ወንበር ይዛችሁ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና እዩት። የተረጋጋ ወፍ ላባውን ለቀቅ ያደርጋል፣ አንድ እግሩን ሆዱ ውስጥ ያጥፋል፣ ላባውን ይለቅማል፣ አልፎ አልፎ መላ ሰውነቱን ይነሰንሳል። የፈራ ወፍ ላባውን አጥብቆ ቀጭን ይሆናል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ዓይኑን ከመውጫው አይነቅልም። የተቆጣ ከሆነ የማጅራቱ ላባ ይቆማል፣ ክንፉን ዘርግቶ ምግቡን ይሸፍናል።

የዚህ ጥንብ አንሳ ልዩ ነገር ፊቱ ነው። ረጋ ሲል ፈዛዛ ሮዝ የነበረው ቆዳ ስሜቱ ሲነሣ ደም መስሎ ይቀላል። ግን ተጠንቀቁ። የሚቀላው ሲደሰትም ሲናደድም ነው። ሥጋ አይቶ የቀላ ወፍ ወደ እናንተ ያዘነብላል፤ ተናዶ የቀላው ይደነድናል፣ ወይም ወደ ኋላ ይላል። ፊቱን ከአቋሙ ጋር አብራችሁ አንብቡ።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ርቀት

በራፉ ላይ ቆማችሁ ሥጋ ወርውሩለትና ወደ ኋላ ሂዱ። በላ? ነገ ግማሽ እርምጃ ቅረቡ። አልበላም? ቀርባችሁበታል፤ ተመለሱ። ግቡ እናንተ ባላችሁበት ዘና ብሎ የሚበላበትን ርቀት ማግኘትና ከዚያ መጀመር ነው። ፊት ለፊት ዓይኑን እያያችሁ አትግቡ። ጎናችሁን ሰጥታችሁ፣ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ለአንዱ ወፍ ይህ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ በመረብ ሲያዝ ለኖረ ወፍ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለአሞራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አትደባብሱት። ውሻ አይደለም። አዳኝ አሞራ መዳበስን እንደ ሽልማት አይቆጥረውም፤ ሽልማቱ ሥጋ ነው።

ፊሽካው

ወፉ ሚዛን ላይ እግሩን ባሳረፈባት ቅጽበት ሥጋ ልታቀብሉት አትችሉም። እጃችሁ እስኪደርስ እሱ ሌላ ነገር ጀምሯል። ፊሽካው ይህን ክፍተት ይሞላል። የቴሌብር መልእክት ነው በሉት። ስልኩ ድምፅ ሲያሰማ ብሩን በእጃችሁ ባትይዙትም መግባቱን አውቃችኋል። መልእክቱ እየመጣ ብሩ ካልገባ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማንም ስልኩን አያይም። ስለዚህ ፊሽካ ከተነፋ ሥጋ ይሰጣል። በስህተት ቢነፋም ይሰጣል።

ማስለመጃው አጭር ነው። ወፉ ተረጋግቶ በቆመበት ፊሽካውን አንዴ አጭር አድርጋችሁ ንፉና ወዲያው፣ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ፣ ሥጋ በመቆንጠጫ አቅርቡ። እጃችሁ ከፊሽካው በፊት ወደ ቦርሳው እንዳይሄድ። ከሄደ ወፉ የሚማረው እጃችሁን እንጂ ድምፁን አይደለም። ድምፁን ሰምቶ ራሱን ወደ መቆንጠጫው ካዞረ ገብቶታል።

ቆጥ ላይ መቆየት

ይህ ሳያምር የሚጠቅም ትምህርት ነው። ከሚከተሉት ሁሉ ቀድሞ ይምጣ። አንዱን ቆጥ ምረጡ። በአጋጣሚ እዚያ ባረፈ ቁጥር ፊሽካና ሥጋ። ሌላ ቦታ ሲሆን ምንም። ብዙም ሳይቆይ እናንተ ስትገቡ ሮጦ እዚያ ይወጣል። ከዚያ ቆይታውን አራዝሙ፦ ሁለት ሰከንድ፣ አምስት፣ ሦስት፣ ስምንት። ሁልጊዜ እያከበዳችሁ አትሂዱ፤ አልፎ አልፎ ቀለል ያለ ጣል አድርጉበት። በመጨረሻ እናንተ እያጸዳችሁ እሱ ቆጡ ላይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጥንብ አንሳ ደፋር ነው፤ ይህን ካልተማረ የጫማችሁን ክር ሲጎትት ትውላላችሁ።

ብዙ ወፎች አብረው ካሉ ለእያንዳንዱ የራሱ ቆጥ ይኑረው። አንዱ የሌላውን ሥጋ ሊነጥቅ ሲመጣ አታባርሩት። በቦታው ለቆየው ወዲያው ክፈሉት። ነጣቂው ሒሳቡ ቶሎ ይገባዋል።

ዱላውንም እዚህ ላይ አስለምዱት። ኳሱን ምንቃሩ አጠገብ አቅርቡ፤ ሲነካው ፊሽካ። ጥንብ አንሳ አዲስ ነገር መጎንተል ስለሚወድ ይህን ለመማር ጊዜ አይፈጅበትም። ዱላው ወደፈለጋችሁበት መምሪያ ይሆናል። ጭልፊቶች ብዙውን ጊዜ ለዱላው ደንታ የላቸውም። ለእነሱ ጓንት ያደረገ እጅ ወይም አዲስ ቆጥ ይሻላል።

ሚዛን ላይ ማውጣት

ሚዛኑን ከለመደው ቆጥ አንድ ሜትር ያህል ርቆ አስቀምጡት። ላዩ ላይ ሣር ይኑረው። የመጀመሪያው ቀን ምንም አትጠይቁ፤ ሚዛኑ ባለበት እየበላ ይዋል። ከዚያ ዱላውን በሚዛኑ አቅጣጫ አሳዩት። አየው? ፊሽካ። አንድ እርምጃ ሄደ? ፊሽካ። አንድ እግሩን አሳረፈና ወዲያው አነሣ? ፊሽካ፤ ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሚዛኑ ትንሽ ስለሚወዛወዝ እግሩን ሲያነሣ ታዩታላችሁ። ከወዛወዘ ከሥሩ ጠፍጣፋ ጣውላ አድርጉና አጽኑት። ብዙ ወፍ «አልማር አለ» የሚባለው መሬቱ ስለሚነቃነቅበት ነው።

ሁለት እግሩ ሲወጣ ትልቅ ሽልማት፣ ለምሳሌ ሙሉ የጫጩት እግር፣ ስጡትና የዚያን ቀን ስልጠናውን እዚያ ላይ አቁሙ። «አንዴ ብቻ ልድገም» የሚል ስሜት ይመጣባችኋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ያኔ ነው። በሚቀጥሉት ቀናት ቁጥሩ እስኪረጋ፣ ሦስት ሰከንድ ገደማ፣ መቆምን አስተምሩ። የእጅ ምልክት የምትጨምሩት በራሱ ደጋግሞ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው። ቀድማችሁ «ና፣ ና» ካላችሁት ቃሉ ተራ ጫጫታ ይሆንበታል።

ማጓጓዣ ሳጥን

እኔ ብጠየቅ ከሁሉም ትምህርት የሚበልጠው ይህ ነው። እሳት ሲነሣ፣ ጣሪያ ሲያፈስ፣ እግሩ ተሰብሮ ለኤክስሬይ ሲፈለግ፣ ወፉ በራሱ ሳጥን ውስጥ ከገባ ግማሹ ችግር ተቃልሏል።

ሳጥኑ ውስጡ የሚታይበት ሽቦ ያልሆነ፣ ግድግዳው ድፍን፣ ወለሉ በሣር ምንጣፍ የተሸፈነ ይሁን። ጅራቱ እንዳይሰበር ውስጡ ዝቅ ያለ ቆጥ ይግባበት። በሩን ፈትታችሁ አውጡት። ሳጥኑ ኬጁ ውስጥ ይቀመጥ። መጀመሪያ ሥጋው የሚሰጠው ከሳጥኑ አፍ ፊት ለፊት ነው፣ ቀጥሎ ደፉ ላይ፣ ቀጥሎ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ። ወፉ አንገቱን ብቻ አስግጎ፣ እግሩን ውጭ አድርጎ ሥጋውን ሊያነሣ ይሞክራል። ይሞክር። ሰውነቱ እስኪገባ ብላችሁ ሥጋውን እያራቃችሁ አታታልሉት፤ የተታለለ ወፍ ሁለተኛ አይጠጋም። በደረሰበት ክፈሉና በማግስቱ ትንሽ ጠይቁ።

ገብቶ ዞሮ ፊቱን ወደ እናንተ ካደረገ በሩን መልሳችሁ ግጠሙ፤ ክፍት ይሁን። ቀጥሎ በሩን እየበላ ሳለ በእጃችሁ ንኩት ብቻ። ከዚያ ጣት ያህል አንቀሳቅሱት። ከዚያ ግማሽ። ከዚያ ዝጉና በዚያው ቅጽበት ክፈቱ። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት በሩ መከፈት ያለበት ወፉ መፈራገጥ ሳይጀምር ነው። መፈራገጥ ከጀመረ ግን አትጨክኑበት። ክፈቱለት፣ ይውጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የመዝጊያውን ጊዜ አሳጥሩ። «አሁን ከከፈትኩለት ያሸንፈኛል» የሚሉ አሉ። ማን ከማን ጋር ይወዳደራል? በራስ ፈቃድ የሚወጣበት በር መሆኑን ያወቀ ወፍ ለመግባት አይሰጋም።

አምስት ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ፣ አንድ ደቂቃ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ሳጥኑን ከመሬት ትንሽ ማንሣት፣ ማስቀመጥ። ከዚያ በሩ ድረስ ተሸክሞ መመለስ። ወፉ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሁልጊዜ የእንስሳት ሐኪም ጋ ከሄደ ሳጥኑን ይጠላዋል። ስለዚህ ለአንድ የሕክምና ጉዞ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ገብቶ፣ በልቶ፣ ይውጣ።

እግር፣ ጥፍርና መርፌ

መንገዱ ያው ነው፤ ስለዚህ አላረዝመውም። ወፉ በሽቦው ማዶ ቆሞ እየበላ እግሩን በቀጭን ዱላ ንኩ፣ ፊሽካ፣ ሥጋ። ከዱላ ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ሞረድ፣ ከሞረድ ወደ አንዲት ጥፍር። ለመርፌ ደግሞ መጀመሪያ ጫፉ በደነዘዘ ነገር፣ ከዚያ ጠንከር ባለ ንክኪ፣ በመጨረሻ በእውነተኛው መርፌ። መርፌውን የሚወጋው ሐኪሙ ይሁን። እናንተ የሥጋው ሰው ሆናችሁ ቆዩ።

እምቢ ሲል

ቆጡ ላይ ቆሞ እያያችሁ ካልመጣ አንድ ጊዜ ጠይቁ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ዞር ብላችሁ ውጡ። ሥጋ እያወዛወዛችሁ አትለማመጡት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ቀለል ያለውን ጠይቁ። አሁንም ካልሆነ የዕለት ቀለቡን አስቀምጡለትና ምክንያቱን ፈልጉ። ሰማይ ላይ ንስር አለ? አዲስ ኮፍያ አድርጋችኋል? ትናንት ብዙ በልቷል? ሙቀት ነው? ሁለት ቀን ተከታትሎ ምግብ እምቢ ካለ ጉዳዩ ከስልጠና ወጥቶ የሐኪም ሆኗል።

ስለ ሌሎቹ ወፎች

ሃሪስ ሆክ በቡድን የሚያድን ጭልፊት ስለሆነ ከሰው ጋር ቶሎ ይላመዳል፤ ለጀማሪ ተመራጭ ነው። ከጫጩትነቱ በሰው እጅ ያደገው ግን ሰው ባየ ቁጥር ምግብ ፈልጎ ይጮኻል። እየጮኸ ሳለ ካበላችሁት መጮህን አስተማራችሁት። ጉጉት ዝም ብሎ ስለሚቀመጥ ደደብ ይመስላል። ፍርዱን አዘግዩ። ከአንገቱ ሥር እንደ ጭልፊት ምግብ ማጠራቀሚያ ከረጢት ስለሌለው ቶሎ ይጠግባል፤ ስለዚህ ቁራጩ ትንሽ፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ይሁን። ጆሮው ስለታም ስለሆነ በፊሽካ ፋንታ ለስለስ ያለ የምላስ ድምፅ ይበቃዋል። በትልልቅ ንስሮች ላይ ብቻችሁን አትጀምሩ፤ ጥፍራቸው ጓንት አልፎ ይገባል።

ክፍት ሰማይ ላይ ማብረር የተለየ ሙያ ነው። ነፋስ ማንበብ፣ የወፉን ቦታ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ፈቃድና ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። ኬጅ ውስጥ ከቆጥ ወደ ቆጥ በምልክት የሚበር ወፍ እንቅስቃሴውን አገኘ፤ እዚያ ላይ ብታቆሙም ምንም አይጎድልበትም።

ጥሬ ሥጋና የወፍ ኩስ ስለምትነኩ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የወፍ ጉንፋን ወሬ ባለበት ጊዜ ለኬጁ ብቻ የሚሆን ጫማ ይኑራችሁ።

ደብተሩ

በየቀኑ ቀን፣ ሰዓት፣ ክብደት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ምን ተጠየቀ፣ ምን አደረገ፣ ስንት ግራም በላ ተብሎ ይጻፍ። «ዛሬ ጥሩ ነበር» ምንም አይነግርም። «ሁለት እግሩን ሚዛን ላይ አሳረፈ፣ አራት ሰከንድ ቆየ፣ መኪና ሲያልፍ ወረደ» ብትሉ ነገ የሚገባው ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ተራ የምትገቡ ከሆነ ምልክቱም፣ ፊሽካውም፣ የሥጋው መጠንም በሁላችሁ ዘንድ አንድ ይሁን። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ከዳር ቆሞ ማየትና ደብተሩን መጻፍ ነው፤ ሥጋ መያዝ ቀጥሎ ይደርሳል።